ኃይለኛውን ጥቁር ቢራ እንዴት እንቅመስ? ለዴም ልጆች የተጻፈ የኢምፔሪያል ስታውት መመሪያ

ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር የኖረ ሐበሻ ጥቁርና መራራ ነገር አይፈራም። ዝንጅብል የገባበትን የሱዳን ጀበና ቡና ያውቃል። በረመዳን ከጎረቤት የሚላከውን ሒሉ ሙር የሚባል መጠጥ ቀምሷል። አሻሮው ጠቆር ብሎ የተቆላ የአገር ቤት ጠላም ከአፉ አልጠፋም። ይኸው ሰው ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለው ኃይለኛ ጥቁር ቢራ ሲቀርብለት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ “ያረረ ነው፤ መድኃኒት ነው” ይልና ብርጭቆውን ይገፋል። እንዲህ የሚሆነው ቢራው በረዶ እስኪመስል ቀዝቅዞ፣ በትልቅ ብርጭቆ ተሞልቶ፣ ጥም ለመቁረጥ እንደሚጠጣ ቀላል ቢራ፣ እንደ ላገር፣ ስለሚቀርብ ነው። ይህ ቢራ በዝግታ፣ በትንሽ በትንሹና ከሰው ጋር ተካፍሎ የሚቀመስ ነው። ዴም ያደገ ምላስ ደግሞ ለዚህ ከማንም የተሻለ ዝግጅት አለው ብዬ አምናለሁ፤ መመሪያውንም የጻፍኩት ይህን በመተማመን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ። መመሪያው ዴምን ለሚያውቁ፣ ዛሬ ግን መጠጥ በሚፈቀድበት አገር ለሚኖሩ ነው። በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ከፈነዳ ወዲህ የዴም ሰው አዲስ አበባ፣ ካይሮና ካምፓላ ተበትኗል፤ ቀድሞ የወጣው ደግሞ ለንደንና ሜልቦርን ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሴፕቴምበር 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ የካርቱም መጠጥ ዓባይ ውስጥ ተደፍቷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት በአረቄና ማሪሳ በሚባለው የማሽላ ጠላ ሰበብ የታሰሩትና የተገረፉት በአብዛኛው ድሆች ሴቶች ነበሩ፤ የእኛም እህቶች ከመካከላቸው ነበሩበት። በጁላይ 2020 የሱዳን የሽግግር መንግሥት ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ክልከላውን አላልቷል። ቢሆንም ጦርነት ባለበት አገር፣ በየኬላው ፍተሻ ባለበት መንገድ፣ አንድ ጠርሙስ የሰው ሕይወት ሊያበላሽ ይችላል። ሱዳን ውስጥ ያላችሁ ይህን አትሞክሩት። ገብስ የመቁላቱና የሒሉ ሙሩ ክፍል ግን ለእናንተም ይሆናል።

ካርቱምንና ይህን ቢራ የሚያገናኝ አንድ የታሪክ ክር አለ፤ ሳልነግራችሁ ወደ ብርጭቆው ማለፍ አልፈልግም። በለንደን ሳውዝዋርክ፣ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ አንከር የሚባል ጠመቃ ቤት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ባለቤቱ ሄንሪ ትሬል እጅግ የጠነከረ ጥቁር ቢራ እየጠመቀ ወደ ሩሲያ ይልክ ነበር፤ የዳግማዊት ካትሪን ቤተ መንግሥትም ደንበኛው ነበር። ትሬል በ1781 ሲሞት ጠመቃ ቤቱ ለባርክሌይ ቤተሰብና ለፐርኪንስ ተሸጠ። በ1950ዎቹ ካርቱም ላይ የብሉ ናይል ቢራ ፋብሪካን ያቋቋመው ይኸው ባርክሌይ ፐርኪንስ የተባለው ኩባንያ ነው። የካርቱም ሽማግሌዎች ዛሬም የሚያነሡት ካሜል ቢራ የዚያ ፋብሪካ ምርት ነበር። ካሜል ለሙቀት አገር የተሠራ ቀላል ላገር ስለነበር ከስታውት ጋር በጣዕም አይገናኝም፤ የሁለቱ ጠማቂ ግን አንድ ነው። የካርቱሙን ጠመቃ የ1983ቱ አዋጅ አስቆመው። ወደ ሩሲያ ይላክ የነበረውን ስታውት ደግሞ ባርክሌይ ፐርኪንስ በ1955 ኩሬጅ ከሚባል ጠማቂ ኩባንያ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ኩሬጅ እስከ 1993 ሲጠምቀው ቆይቷል።

ጠርሙሱን መምረጥ

ከጠርሙሱ መለያ ላይ መጀመሪያ የአልኮሉን መጠን ያንብቡ። ኢምፔሪያል ስታውት በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። 10 በመቶ የሆነ አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 33 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ ይህም 5 በመቶ ከሆነ ተራ ቢራ ሁለት ጠርሙስ ማለት ነው። እንግሊዝ ያላችሁ በሐኪሞች ቋንቋ ስትቆጥሩት 3.3 ዩኒት ይሆናል፤ በሳምንት ከ14 አይለፍ ነው የሚባለው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለሦስት ሰው ይከፈት። ለእያንዳንዱ 110 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል፤ ለመቅመስ ከበቂ በላይ ነው። መኪና የሚነዳ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከአልኮል ጋር የማይሄድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማሽተቱ ላይ ይሳተፍ፤ ማሽተቱ ብቻውን ግማሽ ትምህርት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ቡና፣ ቺሊ ወይም የዊስኪ በርሜል የገባበትን ይተው። እነዚህ ተጨማሪዎች ከእህሉ የሚመጣውን ጣዕም ይሸፍኑታል፤ ከእህሉ የመጣውንና ከውጭ የተጨመረውን መለየት የሚቻለው ያልተቀላቀለውን ካወቁ በኋላ ነው። ከእንግሊዝ የሳሙኤል ስሚዝ ኢምፔሪያል ስታውት 7 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ የዋህ ነው። በሌዊስ ከተማ የሚጠመቀው ሃርቪስ 9 በመቶ ነው፤ ከበድና ጠንከር ያለ፣ የድሮውን መልክ ለማየት የሚጠቅም ነው። ከካሊፎርኒያ ኦልድ ራስፑቲን እንዲሁ 9 በመቶ ሲሆን ምሬቱ ጎላ ይላል። እነዚህን ማግኘት የማይቻልበት ከተማ ውስጥ ካላችሁ በብዙ አገር የሚሸጠውን 7.5 በመቶውን ጊነስ ፎሪን ኤክስትራ ውሰዱ። ኢምፔሪያል አይባልም፤ መንገዱ ላይ ግን ነው። ናይጄሪያ የሚጠመቀው ደግሞ ማሽላ ይገባበታልና ለሱዳን ምላስ ልዩ ትርጉም አለው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያወጣውና በሐረሩ ሐኪም ተራራ ስም የተጠራው ሐኪም ስታውት ለማወዳደሪያ ጥሩ ነው። ከ6 በመቶ በታች የሆነ ቀለል ያለ ጥቁር ቢራ ነው። ካገኛችሁ ከኢምፔሪያሉ በፊት ቅመሱት፤ የአልኮል ብዛት ለጣዕም ምን እንደሚጨምር በግልጽ ታያላችሁ። ሁልጊዜም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ። ኢምፔሪያሉን ካስቀደሙ ቀላሉ ውኃ ውኃ ይላል።

የምትጾሙ ሰዎች አንድ ነገር እዩ። አንዳንዱ ጥቁር ቢራ ለማጣፈጥ ላክቶስ ማለትም የወተት ስኳር ይጨመርበታል፤ ይህ የፍስክ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከዓሣ የሚገኝ ማጥሪያ የሚጠቀሙ ጠማቂዎች አሉ። የይዘት ዝርዝሩን ሳያነቡ በጾም ሰሞን አይግዙ።

ሦስት እፍኝ ገብስ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት፣ ቢቻል ከአንድ ቀን አስቀድመው፣ ሦስት እፍኝ ገብስ ያዘጋጁ። የመጀመሪያውን እፍኝ እንደ ተለመደው ቆሎ ወርቃማ እስኪሆን ይቁሉት። ሁለተኛውን እሳቱን ቀነስ አድርገው ቡናማ እስኪሆን፣ የአሻሮ መልክ እስኪይዝ ድረስ ያቆዩት። ሦስተኛውን ጥቁር እስኪል፣ ጭሱ መነሣት እስኪጀምር ይግፉት፤ ከሰል ሳይሆን ግን ያውጡት። መስኮት ይክፈቱ። ሦስቱን በሦስት ሳህን አድርገው ያቀዝቅዙ።

አሁን ከእያንዳንዱ ጥቂት ፍሬ ያኝኩ። ወርቃማው ዳቦ ዳቦ ይላል፤ ጣፈጥ ይላል። ቡናማው ወደ ለውዝና ወደ ካካዎ ይሄዳል። ጥቁሩ መጀመሪያ ቡና ይመስላል፤ ቀጥሎ ኮምጠጥ ይላል፤ በመጨረሻ ምላስ ላይ ደርቆ አፍ ይሰበስባል። ይህን አፍ የመሰብሰብ ስሜት ልብ ይበሉት። ስታውት ላይ ብዙ ሰው “መራራ” የሚለው አንዱ ክፍል ይኸው የቁላት ድርቀት ነው።

የስታውቱ እህልም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ነጣ ያለ የገብስ ብቅል ነው፤ ስኳሩንና አልኮሉን የሚሰጠው እሱ ነው። ያን ሁሉ ጥቁረት የሚያመጣው እስከ ጥቁረቱ የተቆላው ጥቂቱ እህል ነው። በ1817 ዳንኤል ዊለር የተባለ እንግሊዛዊ ብቅል የሚቆላበት የሚሽከረከር በርሜል የባለቤትነት መብት አወጣ፤ መሣሪያው የቡና መቁያ ዓይነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠማቂዎች ጥቂት ጥቁር ብቅል ብቻ ጨምረው ቢራውን ማጥቆር ቻሉ። ጠላ የምትጠምቅ እናት አሻሮዋን ስትቆላ የቀለሙንና የጣዕሙን ልክ በዓይኗና በአፍንጫዋ ትወስናለች፤ ዊለር በብረት የሠራው ሥራ እሷ በምጣድ ከምትሠራው የተለየ አይደለም። ይህን የምለው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። አሻሮ ሲቆላ አጠገቡ የቆመ ሰው “ቡናማ” እና “ያረረ” መካከል ያለውን የሁለት ደቂቃ ልዩነት ያውቃል፤ ይህ እውቀት ብርጭቆው ላይ በቀጥታ ያገለግላል።

ከሦስቱ ገብስ አጠገብ ሌላ ጥቂት ነገር ያስቀምጡ፦ የተቆላ ቡና ፍሬ፣ ሁለት ቴምር፣ አንድ ቁራጭ ጥቁር ቸኮሌት፣ ድስት ላይ ቀልጦ የጠቆረ ስኳር። ቢገኝ ጥቂት የደረቀ ከርከዴም ጨምሩ፤ የኮምጣጣውን ጠረን ለማስታወስ ይረዳል። ሁሉንም አንድ በአንድ ያሽትቱ። ቢራውን ሲያሸቱ ስም የሚጠፋብዎ ሲመስልዎ ወደ እነዚህ ሳህኖች ይመለሳሉ።

ቤቱና ብርጭቆው

በእኛ ቤት ቡና፣ ዕጣንና ቡኹር አይለያዩም። በዴም ደግሞ ከጎረቤት የሚመጣው የሰንደል ሽታ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ላይ ይውላል። በቅምሻው ቀን ግን እነዚህን ይተዉዋቸው። ሽንኩርት እየተቁላላ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ወይም ገና ከቡና ተነሥቶ ስታውት ማሽተት ከንቱ ነው። ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሳይራብና ሳይጠግብ የሚቀመጥ ሰው አፍንጫው ንቁ ነው።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። የወይን ብርጭቆ ፍጹም ይሆናል። ብርሌ ሽታውን አምቆ ይይዛል፤ ነገር ግን አንገቱ ስለሚጠብ አፍንጫ አያስገባም። የቡና ስኒ ደግሞ አፉ ሰፊ ነውና ሽታው ሳይደርስዎ ይበተናል። ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ የሳሙና ቅሪትና የቅባት እጅ አረፋውን ወዲያው ያጠፉታል።

ሙቀቱ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ቢራ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ጣፋጩም መዓዛውም ይደበቃል፤ ምሬቱና ድርቀቱ ብቻ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ብርጭቆውን ገፍቶ የሚሄደው ሰው የቀመሰው ይህንን ነው። ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ድረስ ይሙቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍሪጅ ካወጡት ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ እንደ ካርቱም በሚሞቅ ከተማ ሩብ ሰዓት። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠርሙሱን ይንኩ፦ ቀዝቀዝ ያለ፣ ግን ላብ የማያወጣ ከሆነ ደርሷል።

መቅዳትና ማየት

ጠርሙሱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ ብሎ ይቁም። አንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ እርሾ አለ፤ ታች ይዘቅጣል። እንደ ጠላ አተላ ነው፤ አይጎዳም፤ ነገር ግን ጣዕሙን ያደፈርሳል። ስለዚህ በዝግታ ይቅዱ፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ታች ይተዉዋት።

ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው የቡና ስኒ ግማሽ ያህል፣ 35 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይቅዱ። ከዚያ ቀጥ አድርገው ወደ ብርሃን ያንሡት። መሃሉ ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ከርከዴ የጠቆረ ቀይ ይታያል። አረፋው ቡናማ ሊሆን ይገባል። ቶሎ ቢጠፋ አይጨነቁ፤ አልኮል የበዛበት ቢራ አረፋ መያዝ ይከብደዋል። ብርጭቆውን ሲያዞሩት በግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ መስመር ካዩ የአልኮሉና የውፍረቱ ምልክት ነው። በማየት ብዙ አይቆዩ።

ማሽተት

ብርጭቆውን በመዳፍዎ ሸፍነው ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩት። መዳፉን አንሥተው አጭር፣ ፈጣን ማሽተት ሁለት ጊዜ ያድርጉ፤ ረጅም ስበት አፍንጫን ያደነዝዛል። መጀመሪያ የመጣልዎትን ነገር ሳያርሙ ይናገሩት። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ከመስማታቸው በፊት በየግላቸው ቢጽፉት ይሻላል፤ አንድ ሰው “ቡና” ካለ ሁሉም ቡና ይሸተዋል።

ከእንግሊዝኛ የቅምሻ ዝርዝር ስም አይበደሩ። እኛ ቤት ያለው ስም ይበቃል። አሻሮ አሻሮ ይላል? የዳቦ ቅርፊት? ያረረ ስኳር? ቴምር? ከቴምርም የለሰለሰው ነው ወይስ የደረቀው? የወይራ ጭስ የታጠነ ጋን ውስጥ የሰነበተ ጠላ የጠጣ ሰው ጭስ ያለበትን ስታውት ወዲያው ይለየዋል። የአልኮሉን ሽታ ደግሞ ለብቻው ይፈልጉት፦ አፍንጫ ሞቅ የሚያደርግ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ አረቄ የሚወጋ ከሆነ ቢራው ገና ወጣት ነው ወይም በደንብ አልተጠመቀም።

መጎንጨት፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ቅምሻውን እንደ ቡናችን በሦስት ዙር ከፍለው ያካሂዱት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቡናው ከዙር ወደ ዙር ይቀጥናል፤ ይህ ቢራ ግን እየሞቀ ሲሄድ ይበረታል።

የአቦሉ ዙር ለመተዋወቅ ነው። ትንሽ ፉት ይበሉና ወዲያው ሳይውጡ አፍዎ ውስጥ ያዙሩት፤ ምላስዎን፣ ትናጋዎን፣ ጉንጭዎን ይንካ። ከዚያ ይዋጡት። ቢራ እንደ ወይን ተፍቶ አይቀመስም፤ ምሬቱ ራሱን የሚያሳየው ከጉሮሮ ሲያልፍ ነው። ከዋጡ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ብዙው መዓዛ የሚገኘው በዚህች ትንፋሽ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ያስደነግጣል፤ ፍርድ አይስጡበት። ሁለተኛው ጉንጭ ነው እውነተኛው።

አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ውኃ ይጠጡ፤ ቁራሽ ነጭ ዳቦ ይብሉ። አሁን የቶናውን ዙር ይቅዱ፤ እዚህ ላይ ሥራ አለ።

መጀመሪያ ጣፋጩን ይከተሉ፤ የት ላይ ይጀምራል፤ የት ላይስ ይጠፋል? ቀጥሎ ምሬቱን ለሁለት ይክፈሉት። አንደኛው የቁላት ምሬት ነው፤ ከጥቁሩ ገብስ ጋር የተዋወቃችሁት፣ አፍ የሚያደርቀው። ሁለተኛው የሆፕ ምሬት ነው። ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ሆፕ በቢራ ውስጥ ይሠራል፤ ምሬቱ ንጹሕ ነው፣ ከምላስ ሥር ይቆያል፣ አያደርቅም። ልዩነቱ ካልገባ ከጥቁሩ ገብስ አንድ ፍሬ አኝከው እንደገና ይጎንጩ። ሁለቱን ምሬት የለየ ሰው ስታውትን መረዳት ጀምሯል፤ ከዚህ በኋላ “መራራ ነው” ብሎ አያልፍም፤ የየትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ከዚያ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይያዙና ይጎንጩ። ጣፋጭ፣ መራራ፣ ኮምጣጣ ብቻ ይቀራል። ጣቶቹን ሲለቁ ቡናው፣ ቸኮሌቱ፣ ቴምሩ በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ሽታ እንደሆነ በዚህ ይረጋገጣል።

ውፍረቱንም ይመዝኑ። ጥሩ ኢምፔሪያል ስታውት ምላስ ላይ ይተኛል፤ ከንፈር ላይ ትንሽ ይጣበቃል። ሙቀቱ ደረት ላይ ቀስ ብሎ ቢሰማ መልካም ነው። ጉሮሮ ካቃጠለ አልኮሉ ከእህሉ ጋር አልታረቀም።

ለበረካው ዙር ቢራው ከቶናው በኋላ አሥር ደቂቃ ብርጭቆ ውስጥ ይቆይ፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ አቅፈው ያሙቁት። አሁን ያሽትቱት። ቡናው ወደ ኋላ ይልና የደረቀ ፍራፍሬው፣ ዘቢቡና ቴምሩ፣ ወደ ፊት ይመጣል። ጣፋጩ ይሰፋል። አንዳንዱ ቢራ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሲሞቅ ስኳር ስኳር ብቻ ይላል፤ ያን ጊዜ ደካማነቱ ይታወቃል። ሲሞቅ የሚያምረው ግን ገንዘቡ ያሳሰበውን ሰው እንኳ ያስደስታል።

አብሮ የሚበላ

ምግቡ ለበረካው ዙር ይቆይ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ይራቅ፤ አልኮሉ የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሰዋል፤ ምሬቱም ይከብዳል። አልጫነት ያለው ጥብስ፣ በርበሬ የሌለበት ቋንጣ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጨው ያለው ጠንካራ አይብ ይስማማሉ። ከካርቱም ጠረጴዛ ደግሞ ሁለት ነገር እመርጣለሁ፦ ቴምር ከተቆላ ኦቾሎኒ ጋር፣ እና ባስቡሳ። ቴምሩና ኦቾሎኒው ቢራው ውስጥ ያለውን ቴምርና ለውዝ ያጎላሉ። ባስቡሳው ግን በትንሹ ይቆረስ፤ ከቢራው በላይ ከጣፈጠ ቢራው ቀጥኖና መርሮ ይቀራል። ይህ ሕግ ለማንኛውም ጣፋጭ ይሠራል።

የተበላሸ ሲገጥም

እርጥብ ካርቶን ካርቶን የሚል ሽታ አየር የገባበት፣ ያረጀ ቢራ ምልክት ነው። ኮምጣጤ የሚል ከሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ ሲብላላ ሙቀቱ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ቅቤ ቅቤ የሚል ደግሞ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የታሸገ ሊሆን ይችላል። አኩሪ አተር ሶስ የሚመስል ትንሽ ጨዋማ ጠረን በብዙ ዓመት የቆየ ስታውት ላይ ይመጣል፤ ጥቂቱን የሚወዱት አሉ፤ ሲበዛ ግን ጥፋት ነው። ሲከፈት እየገነፈለ የሚፈስ ጠርሙስ ከገጠማችሁ አትድከሙበት፤ ወደ ሻጩ መልሱት።

ለማይጠጣው ሰው፦ ሒሉ ሙር

የዴም ጠረጴዛ የተቀላቀለ ነው። ሙስሊም ጎረቤት፣ መጠጥ የተወ ወንድም፣ ልጅ የምታጠባ እህት አብረው ይቀመጣሉ። ለእነሱ ለስላሳ ገዝቶ ማቅረብ ከቅምሻው ማግለል ነው። ሒሉ ሙር አቅርቡላቸው። የሚዘጋጀው ከበቀለ ማሽላ ነው፤ በእኛ አነጋገር ብቅል ነው። ዱቄቱ በዝንጅብል፣ በቀረፋ፣ በሄል፣ በከሙን፣ በጥቁር አዝሙድና በሌሎች ቅመሞች ይቀመማል፤ ቴምር ወይም ከርከዴም ይገባበታል። ይቦካል፤ ከዚያ በስሱ ተጋግሮ ቀይ ቡናማ ቅጠል ይሆናል። ደርቆ ይቀመጣል። ሲፈለግ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ ስኳር ይጨመርበታል። የሱዳን ሰዎች ያሉበት ከተማ ሁሉ፣ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ፣ ደረቁ ቅጠል በሱቆቻቸው ይገኛል።

ሒሉ ሙሩን በዚያው ዓይነት ብርጭቆ፣ በዚያው ሙቀት፣ በሦስት ዙር ያስቀምሱ። ስኳሩን በመጀመሪያው ዙር አይጨምሩ። ብቅሉ የት አለ? የተጋገረው ጠርዝ የት ነው? ኮምጣጣው ከመቡካቱ ነው ወይስ ከከርከዴው? ስታውቱን የሚቀምሰውም ሰው ጎን ለጎን ቢያሸተው ይጠቅመዋል። ሁለቱም ከበቀለ እህልና ከእሳት የመጡ ናቸውና ከአንዱ የተማረው አፍንጫ ሌላውን ይረዳል።

ማስታወሻው

ደብተር ይያዙ። የቢራውን ስም፣ የአልኮሉን መጠን፣ የታሸገበትን ቀን፣ የቀመሱበትን ቀንና ቦታ፣ አብሮ የቀመሰውን ሰው ስም ይጻፉ። ከዚያ ለሦስቱ ዙር ሦስት መስመር፦ ምን ሸተተ፣ ምሬቱ የየትኛው ነው፣ ሲሞቅ ምን ሆነ። “ጥሩ ነው” ብሎ መጻፍ ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይነግርዎትም። “ከቡናማው ገብስ ይበልጣል፣ ከጥቁሩ ያንሳል፤ መጨረሻው ደረቅ ቴምር” የሚል ግን ቢራውን እንደገና አፍዎ ላይ ያመጣዋል።

የወደዱትን ካገኙ ሁለት ጠርሙስ ይግዙ። ከ9 በመቶ በላይ የሆነ ስታውት በደንብ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል፤ ስለታም ቁላቱ ይለዝባል፤ የደረቀ ፍራፍሬው ይጎላል። ሁለተኛውን ጠርሙስ ላዩ ላይ ቀን ጽፈው፣ ቀጥ አድርገው፣ ብርሃን በማይደርስበትና ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቁም ሳጥን ታችኛው ክፍል ያስቀምጡ፤ ምድጃ አጠገብና ፍሪጅ አናት ላይ አይሁን። በዓመቱ ሲከፍቱት የድሮውን ማስታወሻ ከማንበብዎ በፊት አዲሱን ይጻፉ፤ ከዚያ ሁለቱን ያስተያዩ።